የዘቢደር የጡት እናት

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ደብረወርቅ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ እንዲደርስሽ እመኛለሁ፤ ደብዳቤውማ መቼ እንደሚደርስ የሚይዘው ሹፌርም አያውቅም። የአንቺ ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። የመጋቢት ሃያው ከሚያዝያ አምስቱ ጋር፣ በርእሰ መምህራችን በመነኩሲቷ በሲስተር ኪዳነምሕረት ቦርሳ ውስጥ ከጠመኔና ከመድኃኒት ጋር ታጭቀው መጡ። እንዳስተማርሽኝ በቀናቸው ቅደም ተከተል ከፍቼ አነበብኳቸው። መልስ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ወደ ጎንደር የሚወርድ የታመነ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው። ይቅር በይኝ። ሐኪሙ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል ማለቱንም ሲስተር ነግረውኛል።

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ። እበላለሁ። አልከሳሁም፤ ቀሚሱ ነው የሰፋው። ወፍራሙን ሹራብ ለሰው አልሰጠሁም፣ አውሼው ነው። ተኩስ ይሰማል ወይ ላልሽው፣ ግቢያችን ውስጥ ከልጆች ጫጫታ በላይ የሚሰማ ነገር የለም። የበጎ ፈቃድ ጊዜዬ ሰኔ ሃያ ያበቃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰኔ አራትና አምስት ክልላዊ ፈተናቸውን ይፈተናሉ፤ ወረቀታቸውን ሲያስረክቡ ካየሁ በኋላ ሻንጣዬን እዘጋለሁ።

አሁን የሚያስቅሽ ነገር ልንገርሽ። ዘቢደር የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አገሯ ጃናሞራ ነው። እናቷ የሞተችው ልጅ ሳለች ነው። አባቷ አቶ እንግዳው ቡይት ራስ ላይ የፓርክ ጠባቂ ናቸው፤ እሷ ደባርቅ ክፍል ተከራይታ ከእኛ ጋር ትማራለች። ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ስሳሳት ከሁሉ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፣ አይታም ዝም አትልም። «ቲቸር፣ ያችን የመቀነስ ምልክት የት ጣሏት?» ትለኛለች።

በጊዮርጊስ ዕለት አቶ እንግዳው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ትምህርት ቤት መጡ። አንደኛው የንስሐ አባታቸው አባ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ልሄድ መሆኔን ሰምተው ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ማር በዋንጫ ይዘዋል። አቶ እንግዳው «መምህርት፣ ይችን ልጅ ልጄ ይበሏት» አሉኝ። «ልጄ ናት እንጂ!» አልኳቸው፤ ለሁሉም ተማሪ የምለው ነው። «በሽማግሌ ፊት ነው የሚሉት?» አሉ አባ። «በማንም ፊት!» አልኩ። ይሄኔ አቶ እንግዳው አውራ ጣቴን ይዘው ማሩ ውስጥ ነከሩት፣ ዘቢደር ተንበርክካ ጣቴን ጠባችው፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ማንጠግቦሽ እልል አለች። እኔ አጨበጨብኩ። እማዬ፣ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለካ ጡት መጥባት የሚሉት ይሄ ነው። እዚህ በሽማግሌ ፊት ጣቷን በማር ያጠባች ሴት የጡት እናት ትባላለች፤ እናትነቷም እንደ ወለደች ነው አሉኝ። ማንጠግቦሽ ከማግስቱ ጀምሮ «የዘቢደር እናት፣ እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች። እንኳን ደስ ያለሽ፣ አያት ሆነሻል።

ልጅሽ ፍቅርአዲስ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ደረሰኝ፤ ይኸው ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ መልስ የሚፈልግ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አድሮ አያውቅም፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አላሳድርም።

አልሳቅኩም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልሳቅኩም። ማን ነው ልጁን ለሚሄድ ሰው የሚሰጥ? አንቺ በሰኔ ወጥተሽ የምትሄጂ መሆንሽን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያ ሰውዬ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ማር ይዞ፣ ከቡይት ራስ የወረደው አንቺን ለማስደሰት አይደለም። የፈለገው ነገር አለ። ምን እንደሆነ ጠይቂ። ከማጨብጨብሽ በፊት ነበር መጠየቅ፣ ግን አሁንም ጠይቂ።

ልጅቷን ይዘሽ እንድትመጪ አስቦ ከሆነ ከአሁኑ ልንገርሽ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ የማድቤቱ በር ሲከፈት የመታጠቢያው በር የሚዘጋበት ቤት ነው።

«ግቢያችን ውስጥ» አልሽ። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ግቢያችሁ አልነበረም። አንቺ ነገር ስትደብቂ ዓረፍተ ነገርሽ እንደሚያጥር የማላውቅ መስሎሻል? ስለ ደም ግፊቴ ላነሣሽው ደግሞ፣ ሐኪሙ ማውራት ይወዳል። ደኅና ነኝ።

እናትሽ

*

ደባርቅ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? የአንቺም ዓረፍተ ነገር አጥሯል። «ደኅና ነኝ» ብሎ ነገር ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ጎረቤቴ ትያለሽ። እባክሽ ክኒንሽን ዋጪ።

ጠይቂ ስላልሽኝ ጠየቅኩ። ባልጠየቅኩ ኖሮ እያልኩ ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው።

የአቶ እንግዳው ታላቅ ወንድም አቶ ገዱ ይባላሉ። አባታቸው ሲሞት አቶ እንግዳውን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በእሳቸው ፊት እምቢ የሚባል ነገር የለም። አቶ ገዱ በፋሲካ ሰሞን ዘቢደርን ለጃናሞራ ሰው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ጊዜው ክፉ ነው፣ ጠንካራ ቤት ትጠጋ ነው የሚሉት። ሠርጉ የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ ማለት ከፈተናው በፊት ነው። ይሄንን የነገረችኝ ራሷ ዘቢደር ናት፤ ስትነግረኝ እንኳ አላለቀሰችም። ደብተሯን ዘግታ «ሰኔ ሁለት ጾም ይገባል፤ ሰኔ አራት ፈተና ነው፤ በሁለት ቀን ተቀደምኩ ቲቸር» አለችኝ።

የማሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የጡት እናት ያላት ልጅ ያለ እናቷ ፈቃድ አትዳርም። ሽማግሌ እናትየው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ሳትጠየቅ ቢደገስ ድግሱን የሚቀምስ ዘመድ የለም። አንቺ እንዳልሽው አቶ እንግዳው የፈለጉት ነገር ነበራቸው። እምቢ የሚል አፍ ነው የፈለጉት፣ ያገኙት የእኔን ነው።

እምቢ በያቸው ትይኛለሽ። ዐውቃለሁ። አቶ ገዱ ትናንት ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ሰላምታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «ግንቦት ሃያ አንድ በማርያም ዕለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ እሺ ማለት ነው ያንቺ ሥራ» ብለውኝ ሄዱ። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ላይ ሲወድቅ እምቢ ማለት እዚህ እንደ እርግማን ነው። እኔ ደግሞ ካቶሊክ ነኝ። ሲስተር ኪዳነምሕረት ሲሰሙ ተቀምጠው ነበር፣ ተነሡ። «የእኛ ሃይማኖት ሰዎች ልጅ ከአጎቷ ነጠቁ ከተባለ ይሄ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ አይከፈትም» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። እሺ ካልኩ ዘቢደርን፣ እምቢ ካልኩ ሦስት መቶ ልጆች የሚማሩበትን ቤት አጣለሁ።

ለሕግ ሰው ንገሪ ትይኝ ይሆናል። እሱንም አስቤ ነበር። ማመልከቻ የሚቀበል ክፍት በር ለማግኘት ሦስት ቀን ዞርኩ፤ አላገኘሁም። ዘቢደር ስትሰማ «መጀመሪያ የሚታሰረው አባቴ ነው» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከሰኔ ሃያ በኋላም ልቆይ ይሆን እያልኩ ነው። እስከዚያው ስለ ቤታችን በሮች የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ምንም አልጠየቅኩሽም።

ፍቅርአዲስ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍቅርዬ፣

ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አይሆንም።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። አንቺን ያሳደግኩት ብቻዬን ነው፤ አባትሽ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን አረፍኩ ብዬ አላውቅም። ሁለተኛ ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመቷ ለመጀመር ጉልበት የለኝም። ጨካኝ ናት ካልሽ በይ። ከዚህ የባሰም ብለሽኝ ታውቂያለሽ።

ልቆይ ማለትሽን ደግሞ አልሰማሁም። አንቺ እዚያ በቆየሽ ቁጥር ሽማግሌው እየተመላለሰ ያገኝሻል። አለቃዬ የነበሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ መወሰን የሚፈሩት ነገር ሲመጣ «ከከተማ ወጥተዋል በያቸው» ይሉኝ ነበር። ባለጉዳዩ ተቆጥቶ ይሄዳል፤ ግን እምቢም አልተባለም፣ እሺም አልተባለም። ሳምንት ሲያልፍ ነገሩ ይበርዳል። ይሄ ጀግንነት አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ሰው ያተረፈ ነገር ነው።

ስለዚህ ከማርያም በፊት ውጪ። ይሄን የምልሽ ስለ ልጅቷ ብቻ አይደለም። እፈራለሁ። ሬዲዮ ስከፍት እፈራለሁ፣ ስዘጋውም እፈራለሁ።

ደብዳቤሽን ያመጣችው የሲስተሮቹ እንግዳ «ልጅዎ ከስታለች» አለችኝ። ቀሚሱ ነው አልኳት።

እናትሽ

*

ዳባት፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ከላይ ዳባት የሚለውን አይተሽ አትደንግጪ። ለግንቦት አሥራ ሁለቱ ደብዳቤዬ መልስ ጽፈሽ ከሆነ አልደረሰኝም፤ ምን እንዳልሽኝ ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ቆይቼ እጋፈጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሳልቆይ ቀረሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሰኞ ዕለት አቶ እንግዳው ከቡይት ራስ ወርደው መጡ። ቢሮ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፣ አጥሩ ሥር ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ «መምህርት፣ ይሂዱ» አሉኝ። ያባረሩኝ መሰለኝ። ተቀየምኳቸው፣ አልዋሽሽም። «ልጄ በያት ብላችሁ ስታበቁ አሁን ሂጂ?» አልኳቸው፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው የእኔን እንባ ላለማየት ወደ መንገዱ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ እናት፣ እኔ እኮ የሚሄድ ሰው ነው የፈለግሁት። የሚቀርማ ማንጠግቦሽስ ነበረች። ወንድሜን እምቢ ማለት አልችልም፤ እናቷን ጠይቅ ማለት ግን እችላለሁ። እናቷ ደባርቅ ካለች ዛሬውኑ ይጠይቃታል። አዲስ አበባ ካለች ግን ስልክ የለም፣ መንገዱም አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም። መልስ እስኪመጣ ጾሙ ይገባል። ጾሙ ሲወጣ ክረምት ነው፤ በክረምት የሚድር የለም። እስከ ጥር ማን ያውቃል?»

እማዬ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ቀን መሄዴን እንደ በደል ቆጥሬ እንቅልፍ ያጣሁት በከንቱ ነው። ሰውዬው ከመጀመሪያውም የመረጡኝ ስለምሄድ ነው። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ የጠየቅሽው ጥያቄ፣ ልጁን ለሚሄድ ሰው ማን ይሰጣል ያልሽው፣ መልሱ እሱው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ። ሲስተር ኪዳነምሕረት ባረኩኝ። ተማሪዎቼን አልተሰናበትኳቸውም፤ ሰሌዳው ላይ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ጥያቄ ጻፍኩላቸው፣ ከሥሩ «የመቀነስ ምልክት አትጣሉ» ብዬ። ፈተና ሲደርስ ትቻቸው መሄዴ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሚኒባሱ ዳባት ሲደርስ ከዚህ ወደ ጎንደር መንገዱ ተዘግቷል አሉን። ወደ ኋላ እንዳልመለስ ሽማግሌው ይጠብቀኛል፤ ወደ ፊት እንዳልሄድ መንገድ የለም። ነጋዴዎች በበቅሎ በጓሮ ያልፋሉ፤ ይሄም ደብዳቤ በእነሱ እጅ ነው የሚሄደው። እኔን ግን ሲስተር በእግርሽ እንዳትሞክሪ ብለው አስምለውኛል። የቀድሞ መምህርት ወይዘሮ ሸጊቱ ቤት ነኝ፤ ለሲስተሮቹ ወዳጅ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። ከደባርቅ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ ያለችው የዘቢደር እናት ዳባት ቁጭ ብላ ሽሮ እየበላች ነው።

ከቤት አልወጣም። ዛሬ ብቻ ማርያምን ልሳለም ተከናንቤ ደጇ ድረስ ሄጄ ነበር። ሁለት ዓመት የለመደ እግር ነው፣ ሳላስበው ወሰደኝ። አንድ ሰውዬ በቅሎውን አቁሞ ትኩር ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

ፍቅርአዲስ

*

ዳባት፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

መስሎኝ አልነበረም። አይቶኛል።

ትናንት ቅዳሜ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አቶ ገዱ፣ አባ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ሌላው የሙሽራው ወገን ነው። ወይዘሮ ሸጊቱ በሩን ከፍተው ሳይጨርሱ አቶ ገዱ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ደፍ ላይ ተንበረከኩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ላባቸው ድንጋዩ ላይ ይወርዳል። አንገታቸውን አቀርቅረው «እናቷ ሆይ፣ እሺ በይኝ» ይላሉ። በደብዳቤዬ ክፉ ሰው አድርጌ የሣልኩልሽ ከሆነ ልክ አልነበርኩም። ለልጅቷ ይበጃታል ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

እሺ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ ይወጣ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ያን ጊዜ የመጣልኝ አንቺ ነሽ። «እናት አለኝ» አልኳቸው። «እኔ የዘቢደር እናት ከሆንኩ የእኔ እናት አያቷ ናት። እናቴን ሳልጠይቅ ልጅ አልድርም።»

አባ ሃብተ ጊዮርጊስ «ጣትሽን ስታጠቢስ እናትሽን ጠይቀሽ ነበር?» አሉኝ። በእሳቸው ፊት «ልጄ ናት» ማለቴን እንዴት ይረሳሉ። «አልጠየቅኩም አባ፣ ለዚህም ተቆጥታኛለች። ሁለተኛ አላጠፋም» አልኳቸው።

አባ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው «ተነሥ ገዱ። እናት ያላት ሴት ናት፤ አያቲቱ ትጠየቅ» አሉ። አቶ ገዱ ድንጋዩን ሲያወርዱ ረዳኋቸው። አመሰገኑኝ፣ እማዬ። ድንጋይ ስላወረድኩላቸው አመሰገኑኝ።

ደብዳቤውን አባ ራሳቸው ተቀምጠው ጻፉት፤ የእግዚአብሔርን ስም በቀይ ቀለም። ለአንቺ ነው፤ በዚህ ሳምንት ሳይደርስሽ አይቀርም። የግንቦት አሥራ ሰባቱ ደብዳቤሽም ዛሬ በሲስተር ሰው እጅ ደረሰኝ። አንቺና አቶ እንግዳው ሳትተዋወቁ አንድ ነገር ማሰባችሁ አስደነቀኝ። ሌላውንም አንብቤዋለሁ፤ አይሆንም ያልሽበትን። አልተቀየምኩም። ጨካኝ ብዬሽ የማውቀው ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው።

አሁን በሕይወቴ ጠይቄሽ የማላውቀውን እለምንሻለሁ። የሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ሲደርስሽ ዛሬውኑ አትመልሺ። ጠረጴዛሽ ላይ ይደር። ይሰንብት። ሰኔ ሁለት ይለፍልን።

ልጅሽ

*

ዳባት፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ጾሙ ገብቷል። ሠርግ የለም። ዘቢደር ረቡዕና ሐሙስ ተፈትናለች፤ ሒሳቡ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳሳሰባት፣ እሱም የጥያቄው ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ልካልኛለች። እሷን ካወቅሽ ይሄ ትልቅ ደስታ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ሻማ ከማብራትሽ በፊት ግን ቀሪውን ስሚ። አቶ እንግዳው ትናንት መጥተው ነግረውኛል። አቶ ገዱ የአያቲቱን መልስ በየቀኑ ይጠይቃሉ። አባ ሃብተ ጊዮርጊስም ጾሙ እስኪፈታ መልስ ካልመጣ ዝምታሽን እንደ እሺታ እንቆጥረዋለን ብለዋል። የሙሽራው ወገን ክረምትም ቢሆን በትንሽ ድግስ እንወስዳታለን እያለ ነው። እስከ ጥር ያልነው ሁሉ ሐምሌ አምስት ያልቃል።

ስለዚህ አሁን መልሺላቸው። ምን ብለሽ እንደሆነ አላውቅም። እምቢ ብትዪ እነሱ አቶ እንግዳው ላይ ይመጣሉ፤ እሺ ብትዪ ታውቂዋለሽ።

ልጅቷ ራሷ ምን ትላለች ትይኝ ይሆናል። በፈተናው መጨረሻ ለሲስተር ያለቻቸው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ «ዘጠነኛ ክፍል የት ነው የምማረው?» የእኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል።

መንገዱ በዚህ ሰሞን ይከፈታል ይላሉ። ሲከፈት እወጣለሁ። ብቻዬን መምጣት ግን አልፈልግም።

ፍቅርአዲስ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍቅርዬ፣

የሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ሦስት ቀን አደረ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጨርቅ አለበስኩት፣ እንዳላየው። ጨርቁን አይቼ ደግሞ ተነሣሁ። እንዲህ ያለ ሥቃይ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ፣ ይመዝገብልሽ።

ዛሬ መለስኩላቸው። ዋናውን ይዛ የምትመጣው ከሲስተሮቹ አንዷ ናት፤ ቃሉን እነሆ ገልብጬልሻለሁ፦

«ለአባ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ለአቶ ገዱና ለተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣
ጃናሞራ።
ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄን ስለማየት።
ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የጻፋችሁልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ወይዘሪት ዘቢደር እንግዳው የልጅ ልጄ መሆኗን በፊርማችሁ አረጋግጣችሁልኛል። አያቷ በሕይወት እያለች፣ በዓይኗ ሳታያት የምትዳር ልጅ በእናንተ ዘንድ እንደማትኖር አምናለሁ። ስለዚህ መንገዱ እንደተከፈተ ከእናቷ ጋር እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። አይቻት፣ ጠባይዋን አውቄ፣ ትምህርቷንም ስትጨርስ መልሴን አሳውቃለሁ። እስከዚያ እሺ አላልኩም፤ ዝምታዬም እሺታ አይደለም።
ከማክበር ሰላምታ ጋር፣ ደብረወርቅ፣ አያቷ።
ግልባጭ፦ ለአቶ እንግዳው፣ ቡይት ራስ።»

ሦስት ጊዜ አረምኩት። ማኅተም ቢኖረኝ እመታበት ነበር። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌዎች አያት ልየው ያለችውን ልጅ አይከለክሉም፤ እነዚህም እንደዚያው ከሆኑ ቸር ወሬ ታሰሚኛለሽ። ካልሆኑ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ወረቀት አለኝ።

አይሆንም ማለቴን አልረሳሁም። ጉልበት የለኝም ያልኩት እውነቴን ነው፣ ዛሬም የለኝም። ደም ግፊቴም ሐኪሙ እንዳለው ነው፤ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ግን እኒያ ቄስ ፖስታው ላይ «ለዘቢደር አያት» ብለው ጻፉልኝ። ስሜን እንኳ ከሥር ነው ያደረጉት። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳነብ ከረምኩ። እውነት አይደለም ብዬ መመለስ ነበረብኝ፤ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ሰፈራችን ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትናንት ሄጄ ጠይቄያለሁ። የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ዋናውን ትያዝ፣ ቅጂ አይቀበሉም። የልደት ወረቀትም ይፈልጋሉ። አባቷን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ሰውዬ እያልኩ ስሰድባቸው ቆይቻለሁ። ሲያሻቸው መጥተው እንዲያዩዋት ንገሪያቸው።

የምትተኛው ከእኔ ጋር ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ስትተኛ ትራገጣለች እንዴ? ሳትነሡ በፊት ጻፊልኝ።

እናትሽ